አንዲት ፍሬ ባቄላ

ባለፈው ወር ለወገቤ ሕመም ሆሳዕና ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ዝናብ ስለነበር አግዳሚው ወንበር ሁሉ እርጥብ ጃንጥላና ጭቃ የነካው ጫማ ሞልቶታል። ተራዬ ሲደርስ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ቀጭን ነርስ ወረቀት ይዛ ከአጠገቤ ቆመች።

«አባባ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ይስጡልኝ» አለችኝ።

ዜሮ ማለት ምንም አለመኖሩ፣ አስር ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ የማይታሰብ መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቀኛለች። እኔ ዓይኔን ከእስክሪብቶዋ ላይ አላነሣሁም።

«አስር ጻፊ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ከሰው ጋር እየተጫወቱ ነው እኮ የቆዩት። አስር ቢሆን ይችሉ ነበር?»

«የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ሳቀችና ሰባት ጻፈች። በዓይኔ አየኋት፤ ሰባት ነው። ዘግይቼ ብማርም ማንበብ አያቅተኝም። ሕመሜን እንደ ገበያ ሽንኩርት ተከራክራ ስትቀንሰው ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም እኔም በጉብዝናዬ በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሰውን ሥቃይ ለክቼ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩ ሰው ነኝ። ደግሞም የለካሁት የባዳን ብቻ አይደለም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሆመቾ በላይ የሚያርስ ሀዲያ፣ እናቴ የዶዮገና ከምባታ ነበሩ። ሁለቱም ሳልጠግባቸው ሞቱ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አበበች ናት። ስታገባም እኔን እንደ ሙሽራ ሣጥን ይዛኝ ነው የሄደችው እያሉ ሰፈርተኞቹ ይቀልዱ ነበር። ባሏ ኤርሲዶ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከራሱ ልጆች እኩል አብልቶኛል። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ የገባሁት ለዕውቀት ጓጉቼ አይደለም። ያልተማረ ከቀበሌ ስኳር አያገኝም ስለተባለ ነው። ሽማግሌው፣ ሙሽራይቱና እረኛው በአንድ አግዳሚ ተጠጋግተን ፊደል ስንጮህ ለሚያየን የሚያስቅ ነበር። ግን ገባኝ። እንደ እሳት ገባኝ። በየግድግዳው የተለጠፈውን መፈክር ሁሉ እያነበብኩ እሄድ ጀመር። ያን ጊዜ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር፤ መፈክሩን ጨምሮ።

የምስክር ወረቀቴን የተቀበልኩ ቀን አበበች አታካና ሠራችልኝ። ቡላው በቅቤ ታሽቶ፣ ወተት ጠጥቶ፣ ጣት ላይ የሚቀልጥ፣ ለመስቀል ብቻ የሚሠራ ምግብ ነው። መስቀል ግን አራት ወር ይቀረው ነበር። ባሏ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ቢላት «የእኔ» አለችው። ከበላን በኋላ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ «የአባታችን ስም የቱ ጋ ነው?» አለች። አሳየኋት። ቅቤ የነካ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ስሙ ላይ አሳረፈችው። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ። የጣቷ ቅባት ግን ከላዩ ጠፍቷል።

ያን ጊዜ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሚገኝ የሚሲዮን ክሊኒክ ተቀጥሬ ሣር አጭድ፣ ቃሬዛ አጥብ ነበር። ሀዲይኛም ከምባትኛም አማርኛም ስለምናገር ክሊኒኩን የሚመሩት ሴት መነኮሳት በሽተኛ ሲመጣባቸው «ጴጥሮስ!» ብለው ይጠሩኝና ማጭዴን ጥዬ አስተረጉማለሁ። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ደግሞ ካርድ ማውጣት ጀመርኩ። የሰው ስም በእጄ መጻፍ ያሰክረኝ ነበር። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ጠላ እንዲያ አላሰከረኝም።

ፊደል በቆጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አበበች ታመመች። ታመመች ማለቱም ልክ አይደለም፤ መታመሟን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እሷ ዓመት ሙሉ ደብቃው ኖራለች። በግራ ጡቷ ላይ የበቀለው ዕጢ ፈንድቶ ቁስሉ መሽተት እስኪጀምር ድረስ የእንሰት ቅጠል በእሳት እያለበለበች ታስርበት ነበር። ክሊኒክ ያመጣኋት በኤርሲዶ በቅሎ ነው። መነኮሳቱ ቁስሉን አጠቡት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ከዚያም አንዷ ወደ ውጭ ጠርታኝ ነቀርሳ መሆኑን፣ ቢላዋም እንደማይደርስበት ነገረችኝ። አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። የቀራት መታመም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአገሬን ሴቶች ነገር ካልተናገርኩ የሚከተለው አይገባም። በእኛ አገር ሴቶች ዊጆ የሚባል የቅቤ ማኅበር አላቸው። እያንዳንዷ በየሳምንቱ ቅቤዋን ታመጣለች፣ የተሰበሰበውን በተራ አንዷ ትወስዳለች። ዊጆዋ የተቋረጠባት ሴት ቤቷ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ከየራሳቸው ቆንጠር ቆንጠር አድርገው የእሷን ድርሻ ይሞሉላታል። ማንም «እኔ ነኝ የሞላሁላት» አትልም፤ የአበበች ቅቤ ነው የሚባለው። እንሰቱም እንዲሁ ነው። ተሰብስበው ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩላታል። ሲጠየቁ «አበበች ፍቃ ጨርሳለች» ይላሉ። ውሸት አይደለም ለእነሱ። የታመመን ሰው ስም መሸፈን ነው፤ ራቁቱን ላገኙት ሰው ጋቢ እንደ መጣል።

እኔም በዚህ ነው ያደግኩት። እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላወቅኩም ነበር ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጣ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ላንድሮቨሩን ሁለት ጊዜ በበሬ አውጥተውለት ነው የደረሰው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር ነበር። የሚያጠናው እንደ እህቴ ያሉትን፣ መዳን የሌላቸውን ሰዎች ነው። መድኃኒት አመጣላችሁ የሚል ሰው ስንጠብቅ ይሄኛው የመጣው ሕመሙ ሲመጣ የሚያደነዝዝ፣ በቡናማ ጠርሙስ ያለ ሽሮፕ ይዞ ነው። የሚበቃው ለሦስት ሰው ብቻ ነበር። ለአራት ከተከፈለ ለማንም አይበቃም። በመዝገባችን ላይ ያሉት ደግሞ ሰባት ናቸው።

ባለፈው ጊዜ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲመጣ አንድ የወረዳ ጓድ ሽጉጡን ታጥቆ መጥቶ ሙሉውን ለአማቱ ወስዶት ነበር። ዶክተሩ ይህን ሰምቷል። ስለዚህ አሁን የሚሰጠው በመለኪያ ነው። ኑሮው ከሁሉ ለከፋው ይሰጣል፣ ማን እንደ ከፋው ደግሞ ጥያቄው ይናገራል። ሊሠራ ይችላል ወይ? ይበላል ወይ? ከሰው ይቀላቀላል ወይ? ሕመሙ ምን ያህል ነው? እያንዳንዱ ነጥብ አለው። ፎርሙን ሲያሳየኝ ጥርት ብሎ የተተየበ፣ ሰንጠረዥ የተሠመረለት ወረቀት ነው።

«ጴጥሮስ» አለኝ፣ «ወረቀት ዘመድ የለውም። አንተ ትጠይቃለህ፣ የሚሉትን ብቻ ትጽፋለህ። ከራስህ አንዲት ነገር እንዳትጨምር።»

እንዴት ያለ ጥሩ ነገር መሰለኝ! በሕይወቴ የማውቀው ዳኝነት ሁሉ ሽጉጥ የታጠቀ ወይም ዘመድ ያለው ነበር። አሁን ዘመድ የሌለው ዳኛ መጣ፣ ጸሐፊውም እኔ ሆንኩ። ዶክተሩ የራሱን እስክሪብቶ ሰጠኝ። ደረት ኪሴ ላይ ሰካሁትና ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ማለት ተጸየፍኩ።

መለኪያው የተደረገው ጠዋት፣ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ነው። ሰባቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከሣሩ ላይ እንፋሎት ይነሣል። ለሕመሙ ጥያቄ ዶክተሩ አንድ ዘዴ አምጥቷል። አብዛኛው ሰው ቁጥር ስለማያውቅ፣ በቆርቆሮ ሰሃን አምስት ፍሬ ባቄላ ያቀርባል፤ በሽተኛው የሕመሙን ያህል ያነሣል። ትንሽ ከሆነ አንድ፣ ከባድ ከሆነ አምስቱንም። ላልተማረ ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር። እኔም አመንኩ።

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፤ የአንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት፣ ወላጆቻቸው ከሸዋ የመጡ። የማሕፀን ነቀርሳ ነው ያለባቸው። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሥራ ይሠራሉ ወይ ሲባሉ «እንጀራዬን ሠራተኛ ነው የምትጋግረው። ራሴ ጋግሬ መብላት ከቀረብኝ ዓመት ሆነኝ» አሉ። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ማስቀደስ ቀርቷል። ማኅበር ቀርቷል። ምግብ ቀርቷል። የቀረባቸውን አንድ በአንድ፣ እንደ ሟች ንብረት ዘረዘሩት። ሰሃኑ ሲቀርብላቸው አምስቱንም ጠርገው አነሡ፣ ከዚያ ባዶውን ሰሃን አይተው፦

«ዶክተር፣ ሌላ ሰሃን የለዎትም?» አሉት።

መነኮሳቱ ሳቁ። ዶክተሩም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ይህን የምናገረው ሴትየዋ አጭበረበሩ ብዬ አይደለም። አንዲት ቃል አልዋሹም።

ከእሳቸው ቀጥሎ መንጋጋው ላይ ዕጢ የወጣበት የሺንሺቾ ገበሬ ነበር። አራት ፍሬ አነሣና አንዱን ወደ አፉ አስጠግቶ በከምባትኛ «ይቺን ማኘክ ከቻልኩማ ድኛለሁ» አለ። አስተረጎምኩ። አራት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለት ሌሎችን ጠይቄ መዘገብኩ። አምስተኛዋ አበበች ነበረች።

አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ወርቄ፣ የዊጆው አለቃ፣ ከአጠገቧ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክልላታለች። አበበች ያን ቀን ከሳጥን የወጣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠጉሯን ተቀብታ ነበር። የቅቤውና የቁስሉ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ገባ። ጥያቄውን በሀዲይኛ አነበብኩላት። የቤት ሥራዋን ትሠራ እንደሆነ ጠየቅኳት።

ወርቄ ቀደመቻት። «የዘንድሮውን እንሰት ፍቃ ጨርሳለች። ጉድጓዷ ሙሉ ነው፣ መጥተው ይዩ በላቸው» አለች። አበበች ራሷን ነቀነቀች።

ጉድጓዱ ሙሉ እንደነበር አውቃለሁ። የሞሉትን ሴቶችም አውቃለሁ። ዶክተሩ ምን አለች አለኝ። ያለችውን ነገርኩት። ጻፍኩ።

ከሰው ትቀላቀል እንደሆነ ጠየቅኳት። ወርቄ አሁንም «ዊጆዋ አንድ ቀን ተቋርጦ አያውቅም» አለች፣ እንደ ተሰደበ ሰው አንገቷን ቀና አድርጋ። ጻፍኩ። ትበላ እንደሆነ ጠየቅኳት። ባሏ እዚያው በረንዳ ጫፍ የበቅሎውን ልጓም ይዞ ቆሟል። ባል ፊት አልበላም ማለት አያበላኝም ማለት ነው። «የቀረበልኝን እበላለሁ» አለች። ጻፍኩ። ዶክተሩ ነጥቡን እየተከታተለ «ጠንካራ ሴት ናት» አለ፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ ሰሃኑ መጣ። ባቄላዎቹ ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኩ እሰማቸዋለሁ፤ እስከ አሁን። «የሕመምሽን ያህል አንሺ» አልኳት። ልክ አድርጌ ነው የነገርኳት፤ አንዲት ቃል አላጎደልኩም። አበበች ሰሃኑን አየች። ከእሷ በኋላ ወደ ተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዞር ብላ አየች። ከዚያ እኔን፣ ደረቴን፣ እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየች። እጇን ዘርግታ አንዲት ፍሬ አነሣች።

እኔ ያቺን ሴት አውቃታለሁ። ቤቷ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ትራሷን አይቼዋለሁ፤ በጥርሷ የምትነክሰው ዳር ተበልቶ ጭዱ ወጥቷል። «ዶክተር፣ ይሄ ልክ አይደለም» ለማለት ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አላልኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ያ ሽጉጥ የታጠቀው ጓድ በዓይኔ መጣ፣ እንደ እሱ ላለመሆን ነው እላለሁ። ሕግ ሕግ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ኩራት ነው። ያ ወረቀት እኔን አምኖኛል፤ ከሃያ አራት ዓመት ድንቁርና በኋላ ያመነኝን ነገር በዘመድ ማበላሸት አልፈለግኩም።

«አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ያምር ነበር። ቀጥ ያለ።

ሲደመር የእህቴ ኑሮ ከሰባቱ በሽተኞች ሁሉ የተሻለ ሆነ። ጠርሙሶቹ ለወይዘሮ ዘነበች፣ ለሺንሺቾው ገበሬና ለአንዲት ሕፃን ለምታጠባ ሴት ተሰጡ። ለአበበች አስፕሪን በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች፣ አመሰገነችም።

ዶክተሩ ሻንጣውን ሲያስር ገባሁበት።

«አበበች እህቴ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ፤ መነኮሳቱ ነግረውኛል። በጽሑፍህ ግን አላስታወቀብህም» አለኝ። ማመስገኑ ነው።

«ነገሩ እንደ ተናገሩት አይደለም። እንሰቱን የፋቁት ጎረቤቶቿ ናቸው። ቅቤውም የእነሱ ነው። ባቄላውንም…»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ደክሞታል፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ታዲያ ለምን ጻፍከው?»

«የሚሉትን ብቻ ጻፍ ስላልከኝ።»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀና «ጠርሙሶቹ ሰው እጅ ገብተዋል። የሦስቱን ስም ታውቃለህ። አንዱን ጥራልኝና ሄደህ ራስህ ተቀበለው» አለኝ።

መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። የምታጠባዋ ሴት ጠርሙሱን በጡቷና በልጇ መካከል ሸጉጣ በሣሩ ላይ ስትሄድ ትታየኛለች። ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ዶክተሩ ከሦስት ወር በኋላ ሲመለስ እንደገና እንለካለን፣ ያን ጊዜ በደንብ አስረዳት አለኝ። በደንብ አስረዳት! ያልገባት ነገር ያለ ይመስል።

ወደ ሆመቾ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ኤርሲዶና ወርቄ ወደፊት ቀደሙ፤ እኔ የበቅሎውን ልጓም ይዤ በዝግታ እመራለሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጉድጓድ ትከሻዋ ላይ ይሰማታል። መንገዱ ዳር አደይ አበባ መፈንዳት ጀምሯል። ባቄላውም በየማሳው አብቦ ሽታው ያውዳል፤ እኔ ግን ያን ቀን የባቄላ አበባ ሽታ አስጠላኝ። ወንዙን እንደ ተሻገርን አልቻልኩም፣ ጠየቅኳት።

«ለምን አንድ ብቻ አነሣሽ?»

«ከእኔ በኋላ የተቀመጡትን አላየሃቸውም? ሰሃኑ እኮ አንድ ነው።»

«የምግብ አይደለም! ለእያንዳንዱ ሰው ይሞላል። ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል» አለች። ትንሽ ሄድን። በቅሎው ሲንሸራተት ጥርሷን ነክሳ ቆየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። «ደግሞ አንተ ስትጽፍ አይቼህ አላውቅም ነበር። እንዲያ ጎንበስ ብለህ፣ ከዶክተር ጎን። የእናታችን ልጅ! ውሸት ምን ያደርግልኛል ጴጥሮስ፣ በዚያች ሰዓት ሕመሙ አንድም አልነበረም።»

ይህን ነገር አርባ ዓመት አኝኬዋለሁ፤ አልዋጥ ብሎኛል። እውነቷን ነው እንዳልል፣ በረንዳውን ስትወርድ ሁለት ሰው ነው የደገፋት። ልታጽናናኝ ዋሸች እንዳልል፣ ፊቷን አይቼዋለሁ። እውነት ከሆነ ሕመሟን ያስረሳት ሕመሟን ሳሳንስ ማየቷ ነው። ይህን የሚለካ ሰሃን ካለ ያምጡልኝ።

መስቀልን አየች። አታካና የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እሷ አልቀመሰችም፣ ግን «የአበበች አታካና» ተብሎ ተበላ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አልጽፍም። ጩኸቷ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ስታሳድገኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት። ኤርሲዶ እርሻውን ትቶ በሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ወርቄና ጓደኞቿ እየተፈራረቁ ይይዟታል። አስፕሪኑ አልቆ መጠቅለያው ወረቀት ትራሷ ሥር ነበር። ስትሞት የዚያ ሳምንት ዊጆ ቅቤዋ ገብቷል። ከሞተች በኋላ ለቀብሯ የተላከው ቅቤ የእሷ ተራ ነበር ተባለ።

ዶክተሩ ቃሉን ጠብቆ በሦስተኛው ወር ተመለሰ። ስሟ ፊት ለፊት «ሞታለች» ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩ። ከጎኑ ያለፈው ዙር ነጥብ አለ፤ ከሰባቱ ሁሉ ጥሩ ኑሮ የነበራት እሷ ናት። ወረቀቱ አዲስ አበባ አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ካልበሰበሰ ዛሬም እንደዚያ ይላል፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ያን ቀን ወይዘሮ ዘነበችም ለሁለተኛ ጠርሙስ መጥተው ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ግን እንቅልፍ የሚያገኝ ሰው ፊት ነው። ኀዘኔን ሰምተው ሊያጽናኑኝ ጠሩኝ። እህትህ ስንት ባቄላ አንሥታ ነበር አሉኝ። አንድ አልኳቸው።

«አላውቃትም፣ ነፍሷን ይማር፤ ግን ሞኝ ናት» አሉ። «በሕመምም ይሉኝታ?»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ አየሁና ተውኩት። በሚቀጥለው ክረምት እሳቸውም ሞቱ፤ ሳይጮሁ፣ ተኝተው። ሳልዋሽ ልናገር፣ ለቀስተኛ መሐል ተቀምጬ ቀናሁባቸው። የእስክሪብቶው ነገርስ? ለዶክተሩ ልመልስለት ብል ያንተ ነው አለኝ። ቀለሙ እስኪያልቅ ካርድ ጻፍኩበት። ሥራ ነው፤ ምን ላድርግ? ደርግ ወደቀ፣ መነኮሳቱ ሄዱ፣ እኔ አረጀሁ።

ወዳለፈው ወር ልመለስ። ነርሷ የእኔን ሰባት ከጻፈች በኋላ አጠገቤ ወደ ተቀመጡት አሮጊት ዞረች። ከገጠር የመጡ ሀዲያ ናቸው፤ ሆዳቸው ያበጠ፣ እግራቸው እንደ እንጨት የደረቀ። ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፣ ጠጉራቸውን ተቀብተዋል። ያንን ቅቤ አፍንጫዬ አወቀው። ነርሷም የአገሩ ልጅ ናትና በሀዲይኛ ጠየቀቻቸው።

«ሁለት ይበቃኛል» አሉ ሴትየዋ።

ይበቃኛል! ወንበሩን ለቅቄ ተነሣሁ፤ ወገቤም አልተሰማኝም። «ሲስተር፣ ስምንት ጻፊላቸው» አልኳት።

«አባባ፣ እኔ የምጽፈው እሳቸው ያሉትን ነው» አለችና ሁለት ጻፈች። የእኔን አስር ሰባት ያደረገችው ልጅ! አሮጊቷ ደግሞ በቁጣ አዩኝ። «አንተን ምን አገባህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያገባኝ የነበረው ጊዜ አልፏል።

ለሰባቴ ሁለት ሙሉ ቅጠል የታሸገ የሕመም ክኒን ሰጡኝ። እሳቸው ሁለት በማለታቸው የተሰጣቸው ምክር ብቻ ነው። በር ላይ ደርሼባቸው አንዱን ቅጠል ዘረጋሁላቸው። አልወስድም አሉ። ለመንኳቸው፣ እንደ ወንድም ይቁጠሩኝ አልኳቸው፣ እህቴን አነሣሁባቸው። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ። በጥፍራቸው ቅጠሉን ቀደው አንዲት ፍሬ አወጡ፤ የቀረውን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ላንተም ያስፈልግሃል» ብለው ወደ ዝናቡ ወጡ።

ወረቀት ዘመድ የለውም ያለው ዶክተር በሕይወት ካለ አንድ ነገር ልነግረው እወዳለሁ። ዘመድ ያለን እኛ ነን፤ እስክሪብቶውን የያዝነው እኛ። አይተን ዝም ያልነውም እኛው ነን።